የድንኳኑን ቦታ የመረጡት ሰው

በዕለተ ሐሙስ፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ፣ የቤተሰቡ አባላት በሙሉ በተገኙበት፣ አዲሱ ድንኳን ሳሎን ውስጥ ተተከለ።

ሶፋው ወደ ግድግዳ ተገፋ። ቴሌቪዥኑ ፎጣ ለበሰ። የምግብ ጠረጴዛው በጎኑ ተጋድሞ መኝታ ቤት ገባ። ድንኳኑ ቀጥ ብሎ ሲቆም ሳሎን የሚባል ነገር አልቀረም፤ ከኩሽና ወደ መታጠቢያ ቤት የሚሄድ ሰው በድንኳኑ በር ገብቶ በኋላው መስኮት መውጣት ነበረበት።

«አራት ሰው ይይዛል» አለ ሾፌሩ ደረቱን ነፍቶ።

«አራት ምን ዓይነት ሰው?» አሉ እናቱ ከውስጥ። እሳቸው የተቀመጡበት በኩል ሸራው ወደ ውጭ አብጦ ነበር።

ሾፌሩ የቤቱ አባወራ ነው። ለአንድ ትልቅ ዳቦ ቤት ዳቦ ያከፋፍላል፤ ድንኳኑንም ያገኘው የዓመቱ ምስጉን ሾፌር ተብሎ ተሸልሞ ነው። የምስክር ወረቀቱ ከሠርጉ ፎቶግራፍ አንድ ስንዝር ከፍ ብሎ ተሰቅሏል። እናቱ ሃያ ስምንት ዓመት ጂኦግራፊ ያስተማሩ ጡረተኛ መምህርት ናቸው፤ የዓለምን ውቅያኖሶች በሙሉ በእንጨት ጠቋሚ እየነካኩ ትውልድ አሳድገዋል። ሚስቱ ሆቴል ውስጥ ልብስ ትተኩሳለች። ሦስቱም ወደዚህ ባዕድ አገር ከመጡ ዓመት ከመንፈቅ ሆኗቸዋል፤ የሚኖሩበት ከተማ ከባሕሩ የሁለት ሰዓት መንገድ ስለሚርቅ ግን እስካሁን ወደዚያ ዝር አላሉም። አሁን የሚስትየዋ አባት ልጃቸውን ሊጠይቁ መጥተዋል፤ ሾፌሩም የስድስት ቀን ዕረፍት አግኝቷል። ባሕሩን እየታከኩ፣ ደህና ቦታ እየፈለጉ፣ እዚያው እያደሩ ሊሄዱ ነው።

«ባሕር ዳር ደግሞ ዝም ብሎ አይታደርም» አሉ መምህርቷ በድንኳኑ መስኮት ብቅ ብለው። «ቦታውን ማን ነው የሚመርጠው?»

«አባዬ ነዋ!» አለች ልጅቷ፣ የሾፌሩ ሚስት፣ ቀና ሳትል። «ኢንጂነር ቤት ቁጭ ብሎ ሌላ ሰው ይመርጣል እንዴ?»

ሽማግሌው የሻይ ብርጭቆአቸውን አስቀመጡ። ኢንጂነር የምትለዋ ቃል በተጠራች ቁጥር ጫማ ውስጥ እንደገባች ጠጠር ነበረች። እሳቸው ኢንጂነር ሆነው አያውቁም። ቀያሽም አልነበሩም። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ፣ ቀያሹ በመነጽሩ ሲያይ፣ ከወዲያ ጫፍ ቁጥር የተጻፈበትን ረጅም ዘንግ ይዘው የሚቆሙት ሰው ነበሩ። በእሳቸው ዘመን ሰባት ቀያሾች መጥተው ሄደዋል። ዘንግ ዘመመ ተብሎ አንድም ቁጥር ሁለተኛ ተነብቦ አያውቅም። ይህንን ሲያስቡ ወገባቸው በራሱ ጊዜ ቀጥ ይላል።

ችግሩ ልጃቸው ከወደፊት አማቷ ጋር በተዋወቀች ቀን አባትሽ ምን ይሠራል ስትባል «የመንገድ ኢንጂነር ነው» ብላ መመለሷ ነው። ለምን እንዳለችው አልጠየቋትም። አማቷ መምህርት መሆናቸውን አይታ ደንግጣ ነው ብለው ገመቱ። አሁን ልጃቸውን በአማቷ ፊት ማዋረድ የማይሆን ነገር ነው፤ መዋሸትም አልለመዱም። ስለዚህ መላ ዘየዱ፤ የሚጠየቁትን ሁሉ እውነቱን ይመልሳሉ፣ አድማጩ እንደፈለገ ይተርጉመው።

«ለመሆኑ ኢንጂነር፣ ትምህርቱን የት ነው የጨረሱት?» አሉ መምህርቷ ያንኑ ቀን ማታ፣ በፈገግታ።

«መንገድ ላይ ነው የተማርኩት።»

«ትሕትናቸው!» አለ ሾፌሩ።

መምህርቷ አንድ ቅንድባቸውን አንስተው አዩአቸው። ተማሪ ሲኮርጅ ሲያዩ የሚያነሱት ቅንድብ ነበር።

በማግሥቱ እኩለ ቀን ላይ ባሕሩ ዘንድ ደረሱ። መኪናው ሲቆም ማንም ቶሎ አልወረደም። ከፊታቸው ያለው ነገር ዝም ብሎ ውሃ ነው፤ ግን መጨረሻ የለውም።

«ያው እንደማውቀው ነው» አሉ መምህርቷ በመጨረሻ፣ ድምፃቸውን አለስልሰው። ከመኪናው ወረዱና ከውሃው ሃያ እርምጃ ያህል ርቀው ቆሙ። «ከዚህ ነው ደህና አድርጎ የሚታየው።»

መግቢያው ላይ ሰሌዳ ተተክሏል። ሾፌሩ የአገሩን ቋንቋ እንደ ውሃ እንደሚጠጣ ዘወትር ስለሚናገር ሁሉም ወደሱ ዞሩ።

«እንኳን ደህና መጣችሁ ነው የሚለው።»

«ይሄ ሥዕሉስ?» አሉ ሽማግሌው። በሥዕሉ ላይ እስከ አንገቱ ውሃ ውስጥ የገባ ሰው ሁለት እጁን ወደ ሰማይ ዘርግቷል።

«እየጨፈረ ነው።»

ሽማግሌው ሥዕሉን ትንሽ አዩት። «ሰው እስከ አንገቱ ውሃ ገብቶ አይጨፍርም፣ ልጄ።»

ሾፌሩ ግን ቦታውን አስቀድሞ አግኝቶት ነበር። ወደ ውሃው ቀረብ ብሎ፣ ድንጋይ የለ፣ ቁጥቋጦ የለ፣ እንደ ጠረጴዛ የተደላደለ ሰፊ ሜዳ። በጫማው ረገጥ ረገጥ አደረገው። «አያችሁ? ማዘጋጃ ቤት ያነጠፈው ነው የሚመስለው! ካስማው ሲገባበት ደግሞ ጥርቅም አድርጎ ይይዛል።»

«ያምራል» አለች ልጅቷ።

«ጠፍጣፋ የባሕር ዳርቻ ይባላል» አሉ መምህርቷ ከሃያ እርምጃ።

ሽማግሌው ጫማቸውን አወለቁ፤ ካልሲያቸውን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱ። ቀያሽ መሬትን በመነጽር ያያል፤ ዘንግ ያዥ ግን በእግሩ ነው የሚያውቀው፣ ረግረጉም ማጡም ውስጥ የሚላከው እሱ ነውና። ሜዳው ላይ ጥቂት ተራመዱ። ተረከዛቸው አልሰመጠም። ይህ አሳሰባቸው።

«ማን ጠቀጠቀው?» አሉ።

«ምኑን አባባ?» አለ ሾፌሩ።

«አፈር በገዛ እጁ አይጠብቅም። መንገድ ስንሠራ ሮለር ሄዶበት ነው እንዲህ የሚሆነው። እዚህ ምን ከባድ ነገር ሄደበት?»

ሁሉም ዙሪያውን አዩ። ከባድ ነገር አንድ ብቻ ነበር፤ እሱም ከወዲያ በኩል እየተንሿሿ ነው።

ሽማግሌው ጀርባቸውን ለውሃው ሰጥተው ወደ ላይ መውጣት ጀመሩ። ጎርፍ የሚሄድበትን ወንዝ እንደሚያጠኑ ሁሉ ምልክት ነበር የሚፈልጉት። አገኙትም፤ የደረቀ የባሕር ሣር፣ የጠርሙስ ክዳን፣ አንድ ነጠላ ጫማ፣ ሁሉም በአንድ መስመር ተደርድረዋል። ከዚያ በላይ አሸዋው ልል ነው፣ ሣርም ሥር ሰዶበታል። «ውሃው ዕቃውን የጣለው እዚህ ነው» አሉ። «የእኛ ቤት ከዚህ በላይ ነው።»

ሾፌሩ ቅር ብሎት ዕቃውን ተሸከመ። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ሻይ ይዘው ሲቀመጡ ያ የማዘጋጃ ቤት ሜዳ የለም። ባሕሩ ቀስ ብሎ፣ ያለ ምንም ግርግር፣ እንደ ባለርስት ገብቶበት ተኝቷል።

ሾፌሩ ብርጭቆውን እንደያዘ ብድግ አለ።

«በጨረቃ ስበት ምክንያት» አሉ መምህርቷ፣ «በቀን ሁለቴ ይሞላል፣ ሁለቴ ይጎድላል። በደንብ የታወቀ ነገር ነው።»

«ታዲያ እማዬ፣ ቅድም ለምን አልነገርሽንም?»

«ሳትጠይቀኝ?»

ልጅቷ ግን አባቷን እያየች ነበር። የማን ልጅ መሰልኳችሁ የሚል ፊት ነበራት። ሽማግሌው ሻያቸውን ፉት አሉ። ልባቸው ቅቤ ጠጣ ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ሁለተኛው ቀን ላይ ግን ተሳሳቱ። ደህና ቦታ መርጠው፣ ድንኳኑን አስተክለው፣ ሠላሳ አንድ ዓመት በመንገድ ሥራ ካምፕ ሲያደርጉት የኖሩትን አደረጉ፤ አካፋ ይዘው በድንኳኑ ዙሪያ የክንድ ጥልቀት ያለው ቦይ ቆፈሩ። ዝናብ ቢመጣ ውሃው በዚያ እንዲሄድ ነው። ጎኑን በአካፋ ጀርባ መትተው እንደ መስተዋት አለሰለሱት። የባሕር ዳር ሰው ይህን አያደርግም፤ ለምን እንደማያደርግም ጠዋት ታወቀ።

«ምንድን ነው የሚንኳኳው?» አለች ልጅቷ የድንኳኑን በር እየከፈተች። ወዲያው መልሳ ዘጋችው። «አባዬ። ቦይህ ውስጥ ሰው አለ።»

ሰው አልነበረም። ሸርጣን ነው። በጨለማ ከጉድጓዱ ወጥቶ ወዲያ ወዲህ የሚለው ሸርጣን ሁሉ ቦዩ ውስጥ እየወደቀ፣ በተለሰነው ግድግዳ መውጣት አቅቶት፣ በድንኳኑ ዙሪያ ሰልፍ ይዞ ይሄዳል። አርባ ይሆናሉ። ሁሉም ወደ አንድ አቅጣጫ፣ በጎናቸው።

መምህርቷ የምትታጠፈዋ ወንበር ላይ ወጥተው ቆሙ። «አትፍሩ! ባለ አሥር እግር ናቸው! ከሰው ጋር ጠብ የላቸውም!»

«እማዬ፣ ታዲያ ውረጂያ።»

«ከላይ ሆኜ እየቆጠርኳቸው ነው!»

ሽማግሌው የዳቦ ማቅረቢያውን ትሪ አንስተው እያፈሱ ወደ ባሕሩ መለሷቸው። ዘጠኝ ጊዜ ተመላለሱ። ቦዩንም ደፈኑት። ሲጨርሱ ላባቸውን ጠርገው «ጥፋቱ የኔ ነው» አሉ። «ዝናብ ብቻ ነበር ያሰብኩት።»

መምህርቷ ከወንበሯ እየወረዱ ነበርና ቆም አሉ። ጥፋቱ የኔ ነው የሚል ኢንጂነር በዕድሜያቸው አላጋጠማቸውም። ቅንድባቸው ትንሽ ከፍ አለ።

ከዚያ በኋላ ግን ሥራው እየሰመረ ሄደ። ሦስተኛው ቀን ላይ ሽማግሌው አንድ ለምለም፣ ነፋስ የማይነካው ጎድጓዳ ቦታ ሁሉም ሲወደው እምቢ አሉ። ቁጥቋጦዎቹ በሙሉ ወደ ባሕሩ ተጎንብሰዋል፤ ቅርንጫፋቸው ላይ ደረቅ ጭቃ ተንጠልጥሏል፤ ጎርፍ የሚወርድበት ደረቅ ወንዝ ነው። አራተኛው ቀን ከገደሉ ሥር አናድርም አሉ፤ የወደቁት ድንጋዮች ስብራታቸው ገና አዲስ ነው። በየቦታው ጫማቸውን አውልቀው፣ ካልሲያቸውን ኪሳቸው ከተው፣ አሸዋውን በተረከዛቸው እየጠየቁ ይዞራሉ፤ ሦስቱ ደግሞ ሐኪም እንደሚከተሉ አስታማሚዎች ከኋላ ከኋላ ይላሉ።

ይህን የሚያዩት ሦስቱ ብቻ አልነበሩም። አንድ ቀይ ድንኳን የያዙ ባልና ሚስት፣ የየት አገር ሰዎች እንደሆኑ የማይታወቅ፣ ከሁለተኛው ቀን ጀምሮ እሳቸው የተከሉበት አጠገብ መትከል ጀመሩ። ከዚያ ባለ ሞተር ብስክሌቶቹ መጡ። በአምስተኛው ቀን ከሽማግሌው ድንኳን ጎን ሰባት ድንኳን በአንድ መስመር ቆሞ ነበር፤ አንድም ከመስመሩ በታች የወረደ የለም። ባለ ቀይ ድንኳኗ ሴትዮ ጠዋት ጠዋት እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ ጎንበስ ትልላቸዋለች።

መምህርቷም ተሸነፉ። ምድጃ ሊዋስ ለመጣ ሰው ሁሉ፣ በሚገባውም በማይገባውም ቋንቋ፣ «የእኛ ኢንጂነር!» እያሉ ያሳዩአቸዋል። «የልጄ ሚስት አባት! ኢን-ጂ-ነር!» ሽማግሌው ይህን ሲሰሙ ደስ ይላቸዋል፤ ወዲያው ደግሞ ያቺ ጠጠር ትወጋቸዋለች። ያወቁትን ሁሉ ያወቁት በዘንግ ያዥነት ነው፤ ክብሩን የሚወስደው ግን የሌለ ሰው ነው።

«ልጄ» አሉ በዚያው ቀን፣ ሳህን አብረው ሲያጥቡ። «እኝህን ሴትዮ እውነቱን ብንነግራቸውስ?»

ልጅቷ እጇን ከሳሙናው አወጣች። «አባዬ ሙት፣ አሁን? እዚህ? ሰባት ድንኳን እያየ?»

«በሥራዬ አፍሬ አላውቅም እኮ።»

«እኔስ አፍሬ ነው?» ዓይኗ እንባ አቀረረ። «እንዳይንቁህ ብዬ ነው እንጂ።»

ሽማግሌው ሳህኑን ተቀብለው አደረቁ። 

ያን ከሰዓት ትርፍ የድንኳን እንጨት አንስተው በስንዝር እየለኩ ጥቁር ፕላስተር ጠቀለሉበት፤ ውሃው ዳርም ተከሉት። ባሕሩ በስንት ሰዓት ስንት ስንዝር እንደሚወጣ በደብተር መያዝ ፈልገው ነበር። በስድስተኛው ቀን፣ ዕቃ ሊጭኑ ሲሉ፣ ያንን ዥንጉርጉር እንጨት አይተው ሁለት ሰዎች ከመንገዱ ወረዱ።

አንደኛው ቢጫ ሰደርያ የለበሰ ጎልማሳ ሲሆን በትከሻው ባለ ሦስት እግር ማቆሚያ፣ በእጁም የቀያሽ መነጽር ሳጥን ይዟል፤ ሽማግሌው ሳጥኗን እንዳዩ አወቋት። ሁለተኛው ረጅም ዘንግ ይዟል። ሰዎቹ በእንጨቱ ዙሪያ ቆመው ስንዝሩን እያዩ ተነጋገሩ። ከዚያ ባለ ቢጫው ፈገግ ብሎ ማነው የተከለው እንደማለት ወደ ድንኳኖቹ ቀና አለ።

«እኔ ላናግራቸው» አለና ሾፌሩ ሮጠ። ሽማግሌውን በእጁ እያመለከተ ብዙ ተናገረ። ሽማግሌው የለዩት ኢንጂነር የሚለውን ብቻ ነው። ባለ ቢጫው ሌላውን እንዴት እንደተረዳው አይታወቅም፤ ዳቦው የት አለ እንደሚል ሰው ዙሪያውን ፈለገ። ኢንጂነር የምትለው ግን ገባችው። ፊቱ በራ። ሦስቱን እግር አሸዋው ላይ ተከለ፤ መነጽሩን አስተካከለ፤ ከዚያ በአክብሮት ወደ ጎን ፈቀቅ ብሎ ሽማግሌውን በእጁ ጋበዘ፤ ይመልከቱ፣ ያንብቡ።

«ሂዱ እንጂ ኢንጂነር!» አሉ መምህርቷ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው። ባለ ቀይ ድንኳኗ ሴትዮና ባለ ብስክሌቶቹም ተሰብስበዋል። ልጅቷ መሬት መሬት ታያለች።

ሽማግሌው ሱሪያቸውን እያስተካከሉ ቀረቡ። ሰዎቹ የሚሠሩት ገብቷቸዋል፤ ከላይ ጀምሮ ካስማ በካስማ ወርደዋል፤ ባሕሩ ከመሬቱ ስንት እንደበላ እየለኩ ነው። መነጽሩ ዘንድ ደረሱ። ጎንበስ ቢሉ፣ አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው ራሳቸውን ቢነቀንቁ፣ ነገሩ ሁሉ ባማረ ያልቅ ነበር። ነገር ግን ሰው በማይገባው ስም ሲጠራው ዝም ማለት አንድ ነገር ነው፤ መነጽር ውስጥ አይቶ ያላነበበውን አነበብኩ ማለት ደግሞ ሌላ ነው። በዚህ ሥራ ላይ ሠላሳ አንድ ዓመት ሐሰተኛ ቁጥር አላስጻፉም።

ደግሞም ዘንጉን አዩት። ያ ሁለተኛው ሰውዬ በአንድ እጁ ስልኩን እየነካካ በሌላው ነው የያዘው። ዘንጉ ወደ ግራ ዘሟል። ሥሩ እርጥብ አሸዋ ውስጥ ሁለት ጣት ሰምጧል።

ሽማግሌው መነጽሩን ሳይነኩ በአጠገቡ አለፉ። ቀጥ ብለው ወደ ሰውየው ሄዱና፣ «ይቅርታ ወንድሜ» ብለው፣ ዘንጉን ከእጁ ወሰዱ።

ጫማቸውን አወለቁ። ጠፍጣፋ ድንጋይ ፈልገው አነሱ፤ ልል መሬት ላይ ዘንግ ድንጋይ ሳይነጠፍለት አይቆምም። ከዚያ ወደ ባሕሩ ገቡ። እስከ ቁርጭምጭሚት፣ እስከ ጉልበት። ድንጋዩን በእግራቸው አደላድለው ዘንጉን አቆሙበት፤ ሁለት እጃቸውን በሁለት ጎን አደረጉ፤ ቁጥሩን ወደ መነጽሩ አዞሩ። እንደ ሥርዓቱም ዘንጉን አንዴ ወደ ፊት አንዴ ወደ ኋላ፣ እንደሚተነፍስ ነገር፣ በጣም በቀስታ ማወዛወዝ ጀመሩ፤ ቀያሹ ትንሿን ቁጥር እንዲይዝ።

ባለ ቢጫው በመነጽሩ አየ። ቀና አለ። እንደገና አየ። ይህን ዓይነት አያያዝ ያየ ሰው የያዘውን ሰው ሥራ አይስትም። ዓይኑን ከመነጽሩ ሳይነቅል ቀኝ ክንዱን ወደ ጎን ዘረጋ፤ አንድ ረጅም ነገርም ተናገረ።

«ምን አለ?» አሉ መምህርቷ።

ሾፌሩ አፉን ከፈተ። መልሶ ዘጋው። «እኔ እንጃ እማዬ» አለ፤ «ቋንቋውን ከዳቦ ውጪ ብዙም አላውቀውም።»

ከጎናቸው ግን ልጅቷ ሳታስበው ክንዷን ልክ እንደ ባለ ቢጫው ወደ ጎን ዘርግታ ነበር። ትንሽ ልጅ ሳለች ግቢያቸው ውስጥ የመጥረጊያ እንጨት እያስያዙ ያስተማሯት ምልክት ነው። «ወደ ቀኝ አቅናው ነው ያለው!» ብላ በሙሉ ጉሮሮዋ ጮኸች። «አባዬ! ትንሽ ወደ ቀኝ! እንዲያ! በቃ! እንደያዝክ!»

መምህርቷ የተዘረጋውን ክንድ አዩ፤ ከዚያ ዘንጉን አዩ፤ ቀጥሎም ከዘንጉ ያልተናነሰ ቀጥ ያሉትን ሽማግሌ አዩ፤ ነገሩ ገባቸው። የበለጠ ለማየት ሲሉ ሳያውቁት ወደ ፊት፣ ወደ ፊት ሄደው ነበርና ማዕበሉ መጥቶ እግራቸውን እስከ ቋንጃቸው አቀፋቸው። ስድስት ቀን ሙሉ የያዙትን ጩኸት ለቀቁት። «ኧረ ድረሱልኝ! ይሄ ነገር ሕይወት አለው እንዴ? ሰዎች፣ ባሕር አይቼ አላውቅም እኮ!»

ያው ማዕበል ቀድሞ ሽማግሌው ዘንድ ከወገባቸው በላይ ደርሶ ነበር። ዘንጉ አልተነቃነቀም። ጩኸቱን ሰምተዋል፤ የማን እንደሆነም አውቀዋል። ራሳቸውን ግን አላዞሩም፤ ቀያሹ ገና እያነበበ ነበር።